ለሻምበሉ ቢላ ስንመርጥ

ጓደኛው ጫማ ሲገዛ አብሮ የሄደ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ጫማው የሚጠበው ማንን እንደሆነ ያውቃላ! ቢላ ሲገዛ ግን ዝም የሚል ወንድ እስከ ዛሬ አላየሁም። ሽንኩርት ከትፎ የማያውቀው፣ በግ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞረው ሁሉ፣ ስለት እጁ ሲገባ ድንገት የአንጥረኛ ልጅ ይሆናል። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ ወደ ብርሃን ያነሳዋል፤ አንድ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ከዚያስ? «ጥሩ ብረት ነው» ይላል። ብረቱን የት ያውቀዋል? እሱን አትጠይቁት። እኔንም አትጠይቁኝ፤ ሰውየው እኔ ነኝና።

ሞባይል ስልክ ጡብ ማከሉን ትቶ ሳሙና ማከል በጀመረበት ዘመን፣ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ውስጥ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ ሌሎች የጻፉትን ሪፖርት ማረም ነው። ድርቁም፣ ጎርፉም፣ ስደቱም በእኔ ጠረጴዛ ያልፋል፤ እኔ ነጠላ ሰረዙን አስተካክዬ እሸኘዋለሁ። ከጎርፍ ጋር የነበረኝ ትውውቅ ይኸው ነበር።

ታዲያ አንድ ሳምንት የባለቤቴ የሰናይት ታናሽ ወንድም፣ ሻምበል ታምራት፣ ከአዲስ አበባ እኛ ቤት መጣ። ወታደራዊ ታዛቢ ሆኖ ደቡብ ሱዳን ተመድቧል፤ ናይሮቢ ጥቂት ቀን ሰንብቶ በትንሽ አውሮፕላን ይሻገራል። ታዛቢ ምን እንደሚሠራ ያስረዳን እራት ላይ ነው። ተዋግተው የታረቁ ሁለት ወገኖች መሀል ይገባል፣ ማን ቃሉን እንዳጠፈ ያያል፣ ያየውን ይጽፋል። መሣሪያ ግን አይዝም።

ሰናይት ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠችው። «ምንም?» አለች።

«መነጽርና እስክሪብቶ» አላት።

«ተኩስ ቢነሳስ?»

«እጽፈዋለኋ!» አለና ሳቀ። የሳቀው እሱ ብቻ ነው። ከዚያች እራት ጀምሮ ሰናይት ወንድሟን የምታየው ፎቶግራፍ እንደምታይ ሆነ። ይህ ጥሩ አስተያየት አይደለም።

ከናይሮቢ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ መሆኑንም ያን ጊዜ ነው የነገረን፤ የማይሰበር ቢላ። ለምን? ቀድሞ በነበረበት ግንባር አንዲት ውሃ የጫነች በቅሎ እሾሃማ ሽቦ ውስጥ ተተብትባ ቀርታ ነበር አሉ። በጀሪካኖቹ ያለው የጓዱ ሁሉ ውሃ ነው፤ ከማዶው ኮረብታ ደግሞ ወዳጅ ያልሆነ ዓይን ያያቸዋል። ታምራት በደረቱ ተስቦ ደረሰ። ጠፍሩን ለመቁረጥ ቢላውን አስገብቶ ሲስብ፣ ስለቱ ከእጀታው ሥር ቀጭ ብሎ ቀረ። እጀታው በእጁ፣ ስለቱ በጠፍሩ ውስጥ።

ሰናይት በቅሎዋ ዳነች ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ውሃው ዳነ» አላት።

«ሰው የምወጋበት አይምሰልሽ» አላት ቆይቶ። «ገመድ ይቆርጣል፣ ቆርቆሮ ይከፍታል፣ የተያዘ ነገር ያስለቅቃል። ብቻ ባስፈለገ ቀን እንዳይከዳኝ ነው።»

ሰናይት ወደ እኔ ዞረች። «ሰማህ አይደል? የማይሰበር» አለችኝ፤ ብረቱን ቀጥቅጬ የማወጣው እኔ ይመስል። ኃላፊነቱን ተቀበልኩ። በማግስቱ ቢሮ ውስጥ የሶማሊያን ድርቅ ወደ ጎን አድርጌ ኢንተርኔት ላይ ስለ ቢላ ሳነብ ዋልኩ። ዝገት ስለሚችል ብረት፣ ስለት ስለሚይዝ ብረት፣ ስለ እጀታ ዓይነት አነበብኩ። ማታ ቤት ስገባ የአንጥረኛ ልጅ ብቻ ሳልሆን አንጥረኛው ራሴ ነበርኩ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዌስትላንድስ ወዳለ አንድ የገበያ ማዕከል ሄድን። ከዚያ ሁርሊንግሃም አንድ ሐበሻ ምግብ ቤት የስንብት ምሳ ተይዟል፤ ሰናይት ከወዳጆቻችን ጋር ቀድማን እዚያ ትጠብቀናለች። በሩ ላይ ጥበቃው መስተዋቱን በመኪናዬ ሆድ ሥር ሰድዶ አየ፣ ምንም አላገኘም፣ በትሕትናም ለምን እንደመጣን ጠየቀኝ። እኔ ሐቀኛ ሰው ነኝና ቢላ ልንገዛ ነው አልኩት። ጎንበስ ብሎ ታምራትን አየው፤ ፀጉሩ የተላጨ፣ ትከሻው በሩን የሞላ፣ የማይስቅ ሰው። ከዚያ መስተዋቱን እንደገና ሰደደው።

ሱቁ የአዳኞችና የተጓዦች ዕቃ የሚሸጥበት ነው፤ ባለቤቱ ናይሮቢ ተወልዶ ናይሮቢ ያረጀ ሕንዳዊ ሽማግሌ። ቢላዎቹን በጥቁር ጨርቅ ላይ ደረደረልን። እኔ ወዲያው አንዱን አነሳሁ። ጀርባው መጋዝ ነው፤ እጀታው ቆብ አለው፤ ቆቡ ሲፈታ ኮምፓስ፣ ክብሪትና የዓሣ መንጠቆ ይወጣል። ይህ ቢላ ሳይሆን ወረዳ ነው! ታምራት ተቀበለኝ፣ እጀታውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ ባዶ ነው» አለኝ። «ብረቱ እጀታው ውስጥ አልገባም። በቅሎዋን የገደላት ይኼ ነው።»

መሞቷን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ሲመርጥ ማየት ነበር! አይናገርም። ስለቱን እንጨት ላይ ሰክቶ እጀታውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። አንዱ ሲጢጥ አለ፤ ተመለሰ። አንዱ እርጥብ እጅ ላይ ያንሸራትታል፤ ተመለሰ። በመጨረሻ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ውበት የሌለው፣ ብረቱ ከጫፍ እስከ እጀታው መጨረሻ አንድ የሆነ ቢላ ላይ ቆመ። ባለሱቁ ፈቅዶለት ሳንቃ ላይ ሰክቶ ሙሉ ሰውነቱን ጣለበት። ቢላው ዝም አለ። «ይኼ ነው» አለ ታምራት፤ ከዚያች እራት ወዲህ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እኔም ወደ ብርሃን አንስቼ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩና «ጥሩ ብረት ነው» አልኩ።

ሽማግሌው ግን የተፈተነውን ሳይሆን አዲሱን አወጣልን፤ በወፍራም ፕላስቲክ ዙሪያውን ተበይዶ የታሸገ። ታምራት እዚሁ ይከፈትልኝ አለ። ሽማግሌው አዘነ፤ ስለት ከእሽጉ ወጥቶ በሕንፃው ውስጥ እንዳይዘዋወር የጥበቃው ደንብ ይከለክላል። እኔም ሰዓቴን እያየሁ ቶሎ እንሂድ አልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የእኛ ግን ጭራሽ አልፈታም አለ።

ስንወጣ ሰማዩ ጠቁሯል። የናይሮቢን ዝናብ የማያውቅ ካለ፣ ከላይ ሰው በባልዲ እየደፋ ነው ብሎ ያስብ። በላቪንግተን በኩል አቋርጬ ስወርድ የዝናብ መጥረጊያው ቢሮጥም መንገዱ አይታይም። መስተዋቱ በትንፋሻችን እንዳይጋረድ መስኮቴን ትንሽ ከፈት አድርጌያለሁ። ታምራት አጠገቤ ተቀምጦ እሽጉን በጥፍሩ ይታገላል።

«ተወው፣ ምግብ ቤቱ ስንደርስ በቢላ እንከፍተዋለን» አልኩት።

ምን እንዳልኩ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። እሱም ዞሮ አየኝ። ሁለታችንም ልንስቅ ስንል፣ ቁልቁለቱ ማለቂያ ትንሿ ድልድይ ጋ፣ አንድ ማታቱ፣ የናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ የቆመውን የመኪና ሰልፍ ሁሉ ትቶ በእኛ መስመር ፊት ለፊት ሲመጣ አየሁ። መብራቱ ዓይኔን ሞላው። መሪውን አዞርኩ፣ ፍሬን ረገጥኩ። መኪናዋ ግን ያን ጊዜ የእኔ አልነበረችም፤ የውሃው ነበረች። አንድ ጊዜ በቀስታ ዞረች፤ ከዚያ የመንገዱ ጠርዝ አመለጣትና እንደሚተኛ ሰው በቀኝ ጎኗ ቦዩ ውስጥ ጋደም አለች።

ኬንያ ውስጥ የሾፌሩ ቦታ በቀኝ ነው። ከሥር ያለሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ለጊዜው ጸጥታ ሆነ። ቀጥሎ ውሃ ሰማሁ። በዚያችው ከፈት ባደረግኳት መስኮት ይገባል፤ ቡናማ፣ ቀዝቃዛ፣ የማይቸኩል ውሃ። ታምራት ከላዬ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሏል። የራሱን ፈታና በጥንቃቄ ወረደ፤ አንድ እግሩን መሪው ላይ፣ አንዱን ከወንበሬ ጀርባ አኖረ። «ጋሼ፣ እግርህ ይንቀሳቀሳል?» አለኝ። ይንቀሳቀሳል። «አንገትህስ?» እሱም ይንቀሳቀሳል። «እንግዲያው ምንም አልሆንክም» አለና የእኔን ቀበቶ ሊፈታ እጁን ሰደደ።

መቆለፊያው አልተገኘም። ወንበሬ ከሐዲዱ ወልቆ መሀል ካለው ሳጥን ጋር ውጦታል። ቀበቶው ራሱ ደረቴ ላይ እንደ ብረት ደርቋል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም። ታምራት ሳበ፣ ገፋ፣ እንደገና ሳበ። ውሃው ትከሻዬን አልፎ ጆሮዬ ገባ። ራሴን ቀና ሳደርግ አንገቴ ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይኼኔ ታምራት ጉልበቱን ከራሴ ሥር አስገብቶ እንደ ትራስ ደገፈኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ነው መነጽርና እስክሪብቶ ይዘህ ሂድ የሚሉት?

ግን ጉልበቱ ሲታሰር የቀረው እጁ ብቻ ነው፤ በእጁ ያለው ደግሞ ያ እሽግ። ዓለም ላይ ካሉ ቢላዎች የማይሰበረውን፣ የማይታጠፈውን፣ ሙሉ ሰው የሚሸከመውን ቢላ ይዘናል። በፕላስቲኩ ውስጥ አየዋለሁ፤ እሱም ያየኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ታምራት በመኪናው ቁልፍ ወጋው፤ ፕላስቲኩ ቁልፉን አንሸራተተው። መሪው ላይ መታው። በመጨረሻ በጥርሱ ገባበት። ድዱ ተቀዶ ደም በአገጩ ሲወርድ ፕላስቲኩ ነጭ የጥርስ ምልክት ከማውጣት በቀር አልተበገረም።

በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ። ሰናይት ናት። ደረት ኪሱ ውስጥ ስለነበር አልረጠበም። አነሳውና ረጋ ባለ ድምፅ፣ «እየደረስን ነው፤ ምሳውን አስቀርቡ» ብሎ ዘጋው። እኔ ያን ጊዜ ውሃው አገጬ ሥር ነበር። ሞት ሲመጣ ታላላቅ ሐሳብ ይመጣል ይላሉ። ለእኔ የመጣልኝ «በጎርፍ የሞቱት አንድ» የሚል ሪፖርት ሲሆን፣ ነጠላ ሰረዙን የሚያስተካክለው ማን እንደሚሆን አሳሰበኝ። ፈርቼ ነበር። አሁን ስጽፈው ያስቃል፤ ያን ጊዜ ግን እጄ የታምራትን ሱሪ ጨምድዶ ይዞ አልለቅ ብሎ ነበር።

ከላይ የሰው ድምፅ ተሰማ። መንገደኞች ተሰብስበዋል፤ ግን ቦዩ ጥልቅ፣ ውሃው ፈጣን ነውና ማንም አልወረደም። ታምራት ጎንበስ ብሎ «ቶሎ በል፤ ቢላ በነሱ ቋንቋ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ኪሱ!» አልኩት።

«የማን ኪስ?»

«ኪሱ! ኪሱ!»

እጁን ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ከተተ። የረጠበ መሐረብ አወጣ። እንደገና ከተተ። ውሃ እየዋጥኩ እጮኻለሁ፤ እሱ በሌላው ኪሴ ይፈልጋል። ስዋሕሊ የፈጠረ ሰው ለቢላ ሌላ ስም አጥቶ ነው? «ቢላ ማለት ነው! በስዋሕሊ! ኪሱ በላቸው!» ስለው እጁ ቆመ። ገባው።

ግን ወደ ላይኛው መስኮት ለመውጣት ጉልበቱን ከራሴ ሥር ማንሳት አለበት። ሁለታችንም ይህን እኩል ተረዳን። ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጋሼ፣ ትንፋሽህን ሳብና ያዝ። እመለሳለሁ።»

«ታምሩ፣ እንዳትቆይ» አልኩት። ጋሼ የሚባል ሰው እንዲህ አይለማመጥም፤ እኔ ግን ተለማመጥኩ።

ጉልበቱ ሄደ፤ ውሃው ከላዬ ገጠመ። የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። ከተገለበጠ መኪና መስኮት ራሱ የተላጨ፣ አፉ በደም የተሞላ ግዙፍ ሰው ብቅ ብሎ በሙሉ የወታደር ድምፁ «ቢላ! ቢላ!» እያለ በስዋሕሊ ሲያገሣ፣ የተሰበሰበው ሁሉ ሸሸ። ሊረዳ ቦዩ ጫፍ ደርሶ የነበረውም ሸሸ። ታምራት ተመልሶ ራሴን አነሳኝ፤ አስነጠስኩ፣ ተነፈስኩ። «ሸሹ» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የከፋ ዜና ሰምቼ አላውቅም። «በል እንደገና ያዝ» አለና ተነሳ።

ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ረዘመ። ደረቴ ሲቃጠል፣ ጨለማው ቀይ ሲሆን፣ አፌን ልከፍት ስል ጉልበቱ መጣ። ቀና ስል በላይኛው መስኮት አንዲት የናይሮቢ ሴት ፊት አየሁ። መንገድ ዳር አናናስ እየላጠች የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከሸሹት መሀል የተመለሰችው እሷ ብቻ ናት። ቢላዋን አትሰጠውም። የያዘችበትን እጅ ከኋላዋ ደብቃ «ለምንህ ነው?» ትለዋለች፤ እሱ አይሰማትም፣ ወደ ታች ብቻ ያመለክታል። ተጎንብሳ አየችኝ። ፊቷ ተለወጠ። «ዋይ፣ ባባ!» አለችና ወዲያው በእጀታው በኩል ዘረጋችለት።

የቢላውን መልክ አልረሳውም። ከመሳል ብዛት እንደ ቅጠል ሳስቶ፣ እጀታው በጎማ ካላማዳሪ የተጠመጠመ። ታምራት በቀበቶውና በደረቴ መሀል ሰደደው። አንድ ጊዜ ሳበ። ቀበቶው ለቀቀኝ። በብብቴ ይዞ እንደ ጆንያ ወደ ላይ ሲገፋኝ፣ ሴትዮዋ ኮሌታዬን፣ እሷን አይተው የተመለሱትም ሰዎች እጆቼን ያዙ። ዝናቡ ፊቴን ሲመታው እንደ ማር ጣፈጠኝ።

መንገዱ ዳር ተቀምጬ ስንቀጠቀጥ «ፖሌ፣ ፖሌ» እያሉ አጽናኑኝ። ማታቱው በቦታው የለም። ታምራት የሴትዮዋን ቢላ በሸሚዙ ጠርጎ በሁለት እጁ መለሰላትና እሽጉን አሳያት፤ ልለውጥሽ ማለቱ ነው። ተቀብላ አገላበጠችው። በራሷ ቢላ ጠርዙን እንደ አናናስ ልጣጭ ዙሪያውን ገፈፈችና ጥቁሩን ቢላ አወጣች። በእጇ መዘነችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ መለሰችለት። አናናስ አያውቅም አለች።

ያላትን አናናስ በሙሉ ገዝተን ታክሲ ያዝን። ምግብ ቤቱ ስንገባ ሰናይት የት ነበራችሁ ልትል አፏን ከፈተች፤ ጭቃዬንና የወንድሟን አፍ አየች። ሁለታችንንም አንድ ላይ አቀፈች። ቢላውን ያየችው ቆይታ ነው። «አይሰበርም?» አለች። «አይሰበርም» አልናት። ሌላውን የነገርናት እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ሄደ። ሰናይት ስልክ በጮኸ ቁጥር እየደነገጠች ወራት አለፉ። ረፍት ተሰጥቶት በናይሮቢ ሲያልፍ ልቀበለው አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ግን ደህና ነው። ተቃቅፈን ወደ መኪናዬ ስንሄድ አላስችል ብሎኝ ስለ ቢላው ጠየቅሁት። ስንት ነገር አለፈበት? ከምን ከምን አዳነህ?

«አንድም ቀን አላስፈለገኝ» አለ። «ጋሼ፣ ምንም የለም እኮ። ሰላም ነው። ከሻንጣዬም አውጥቼው አላውቅ።»

ብሎኝ በሩን ከፈተ። ሳይቀመጥ ግን ጎንበስ ብሎ ሻንጣውን ፈታ። ጥቁሩን ቢላ ከአፎቱ አወጣና ተቀምጦ ጭኑ ላይ አስተካክሎ አኖረው። ከዚያ ቀበቶውን አሰረ።

«በል አሁን ንዳ» አለኝ።